ስንት ኪሎ ሜትር ያሳያል?

ባይኖኩላር አንገቴ ላይ ያየ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ኪሎ ሜትር ያሳያል?» የታክሲ ረዳት ይጠይቀኛል። እንጦጦ ላይ ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ይጠይቁኛል። የሰፈር ልጆችንማ ተዉአቸው። አሁን አሁን መልሴ አጭር ሆኗል። «ጨረቃን በባዶ ዓይንህ ታያት የለ? እሷ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች» እላለሁ። ይስቃሉ። ቀጥሎ «እስቲ አሳየኝ» ይመጣል።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ ገበያውም የሚሄደው በዚሁ ነው። መርካቶ ብትገቡም፣ ቴሌግራም ላይ ብትፈልጉም ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ርቀት ነው። «ይሄ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ያኛው አርባ።» ካርቶኑ ላይ 60×60 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። በሌሊትም ያሳያል ይባላል። እንዲህ ዓይነቱን ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የወረወሩ ወዳጆቼ ናቸው «አንተ የያዝከው ምንድን ነው? ስንት ነው? የት ይገኛል?» የሚሉኝ። ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ መካከለኛ ባይኖኩላር ስለመግዛት አንዴ ጽፌ ልገላገል። የምሸጠው ዕቃ የለኝም፤ ወፍ ማየት የምወድ፣ አልፎ አልፎም ከአዳኝ አስጎብኚዎች ጋር ተራራ ላይ ቁጭ ብዬ የማወራ ሰው ነኝ።

መካከለኛ የምለው በሁለት በኩል ነው። በመጠን፣ ኪስ ውስጥ የሚገባውም አይደለም፤ ሁለት እጅ የሚያደክመው ግንድም አይደለም። በዋጋም ከ100 እስከ 300 ዶላር ያለው ነው። ከዚያ በታች ብዙው መጫወቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ እግዜር ሲሰጠን እናወራበታለን።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታ። 8×42 ተብሎ ሲጻፍ 8 የማቅረብ አቅሙ ነው። 80 ሜትር ላይ ያለችውን ወፍ 10 ሜትር ላይ እንዳለች አድርጎ ያሳያችኋል። 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ብርሃን የሚገባበት በር እሱ ነው። ሻጩ የሚጮኸው ስለ መጀመሪያው ቁጥር ነው። እኔ ግን ለሁለተኛውና ለመስታወቱ ጥራት ነው ገንዘብ የምከፍለው።

ለምን እንደሆነ በአንዲት ወፍ ላሳያችሁ። የደጋ ሰው ከሆናችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ወይም ሰፈራችሁ አጥር ሥር እሬት ካለ፣ አበባው ላይ የምትንጠለጠል ጥቁር ትንሽ ወፍ አይታችኋል። ምንቃሯ ቀጭንና ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጅራቷ መሃል ላይ ሁለት ረጃጅም ላባዎች ወጣ ብለዋል። በእንግሊዝኛው ስያሜዋ በተከዜ ወንዝ የተጠራችው የአበባ ማር ጠጪ ናት፤ ይህን የለበሰው ወንዱ ነው። በባዶ ዓይን ጥቁር ነው። በርካሽ ባይኖኩላርም ጥቁር ነው፤ ትንሽ ተልቆ የቀረበ ጥቁር። ደህና መስታወት ባለው ስታዩት ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ደረቱ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ራሱ ወደ ነሐስና አረንጓዴ ይሄዳል። አንገቱን ሲያዞር ቀለሙ አብሮት ይዞራል። ወፉ ያለው 6 ሜትር ላይ ነው። ኪሎ ሜትር እዚህ ምን ያደርግልናል?

ወደ ዋናው ክርክር ልግባ፤ 8 ወይስ 10?

አዲስ ገዢ ሁሉ 10 ይመርጣል። ከ8 ስለሚበልጥ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ነገር ግን ባይኖኩላር ወፏን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፤ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ እኩል ያጎላል። ሜዳ ላይ ቆማችሁ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል። ባሌ ሳኔቲ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ ትንሽ ዳገት ሮጥ ብላችሁ ወጥታችሁ አንሱት እስቲ። በ10 ስታዩ የልባችሁ ምት ምስሉ ላይ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮው ዘለል ዘለል ሲል የሚዘለው እሱ ይሁን እናንተ አይለይም። በ8 ይቀንሳል። አይጠፋም፤ ይቀንሳል።

ሌላው የእይታው ስፋት ነው። ጥሩ 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት ላይ እስከ 130 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ያሳያል። 10×42 ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 115 አካባቢ ነው። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ግን ወሳኝ ነው። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፣ ቅጠል ውስጥ ይገባል፣ ድንገት ቀይ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሌላ ዛፍ ይሻገራል። አረንጓዴ ወፍ አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ማለት ነው። በጠባብ እይታ ስትፈልጉት ያያችሁት ሁሉ ቅርንጫፍ ነው። «የታለ? የታለ?» ስትሉ ሄዷል። ሰፋ ያለው መነጽር መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴውን፣ ከዚያ ወፉን ይሰጣችኋል።

ይህን ሁሉ ለአንድ የባሌ ሽማግሌ ስዘበዝብ አዳመጡኝ። በአካባቢው ለዓመታት ከፈቃድ አዳኞች ጋር ሲሄዱ የኖሩ ናቸው። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለው 10×42 ነው፤ አንድ የውጭ አዳኝ ሲሄድ ትቶላቸው የሄደው። ላስቲኩ በአንድ በኩል ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ለምን 8 አይሆንልዎትም?» አልኳቸው።

«አንተ ወፍ ታባርራለህ» አሉኝ። «እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ምን አገናኘን?»

ከዚያ አሳዩኝ። ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን አጠፉ። ሁለቱን ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ባርኔጣቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ጠርዙን ከመነጽሩ ጋር ባንድ እጃቸው ያዙት። መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር ቀጥ አለ። ማዶ ያለውን ገደል በዓይናቸው ከፋፈሉት። ከላይ በግራ ጀምረው አንዱን ቁራጭ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሄዱም። እኔ ሦስት ጊዜ ተራራውን ዳስሼ «ባዶ ነው» ባልኩበት ቦታ፣ እሳቸው ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር የተኛ የደጋ አጋዘን አወጡ። ያዩት አጋዘኑን አልነበረም፤ የሚንቀሳቀስ ጆሮ ነው።

ለሳቸው ሥራ 10 ተገቢ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ አደኑም የሚፈቀደው በባሌና በአርሲ አካባቢ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች፣ በኮታና በፈቃድ ብቻ ነው። እንግዳው የመጣበት ዋጋ ከባድ ነው። እንግዳው ከመተኮሱ በፊት አስጎብኚው ማዶ ያለው እንስሳ ወንድ መሆኑን፣ ያረጀ መሆኑን፣ ቀንዱ ምን ያህል ዞሮ እንደወጣ መለየት አለበት። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ያ ቀላሉ ነው። ወጣቱን ወንድ ከሽማግሌው መለየት ላይ ነው ጣጣው። 700 ሜትር ላይ የቀንድ ጫፍ ለማንበብ ያቺ ከ8 ወደ 10 የተጨመረችው ትጠቅማለች፤ ተቀምጦ፣ ተደግፎ፣ ሳይቸኩሉ።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ተቀምጣችሁ ማዶ የምታዩ ከሆነ 10×42። እየሄዳችሁ፣ ደን ውስጥ፣ ቀና ብላችሁ የምታዩ ከሆነ 8×42። ሁለቱንም የምታደርጉና አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 8። በ8 አጋዘን የሚያይ አዳኝ ብዙ አያጣም፤ በ10 ደን ውስጥ ወፍ የሚፈልግ ግን ብዙ ያጣል። ጋሼ አልተስማሙም። «የከተማ ሰው» ብለውኝ አለፉ።

ከ12 በላይ ያለውን በእጅ ስለመያዝ ባናወራ ይሻላል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከሌላችሁ ገንዘባችሁን መጣል ነው። 60 እጥፍ የሚባለውማ ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው ያለው። ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አብያታ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ፍላሚንጎዎቹን ስታዩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ይግላል። አየሩ ይርገበገባል። ምስሉ ውሃ ሥር ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ የአምስት ሺህ ዶላር ዕቃም አያድናችሁም። ባጎላችሁ ቁጥር የምታጎሉት ሙቀቱን ነው። በጠዋት መነሳት ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል፤ ነፃም ነው።

የብርሃኑን ነገር ላስረዳ። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል። ከመነጽሩ ወጥታ ዓይናችሁ ውስጥ የምትገባዋ የብርሃን ክብ ስፋት ያቺ ናት፣ በሚሊ ሜትር። ለ10×42 ስሌቱ 4.2 ነው። ለ8×32 ደግሞ 4። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ይጠባል። በጨለማ የወጣት ሰው እስከ 7 ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ ቀትር ላይ 32 እና 42 እኩል ብሩህ ናቸው፤ የተረፈው ብርሃን ዓይናችሁ አይገባም። ልዩነቱ የሚመጣው ሲነጋጋ፣ ሲመሽና ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ነው። ሐረና ደን ውስጥ እኩለ ቀን ላይም ድንግዝግዝ ነው፤ እዚያ 42ን አመሰግነዋለሁ።

ታዲያ «50 ወይም 56 ብገዛስ?» የሚል አለ። ጀርመንና ኦስትሪያ ያሉ አዳኞች 8×56 ይወዳሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ማማ ላይ ተቀምጠው በምሽትና በጨረቃ ብርሃን የዱር አሳማ ይጠብቃሉ። በበጋ ምሽቱ ራሱ ተጎትቶ አያልቅላቸውም። እኛ ያለነው ምድር ወገብ አጠገብ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ድፍት ነው፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨልማል። ለዚያች 20 ደቂቃ ብሎ ቀኑን ሙሉ አንድ ኪሎ ብረት አንገት ላይ ማንጠልጠል አይታየኝም። የአውሮፓ አዳኞች የጻፉትን ምክር አንብባችሁ ስትገዙ ይህን አስቡ። እነሱ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰማይ ነው።

ክብደቱን ካነሳን አይቀር፤ 42 የሆነው አብዛኛው ከ600 እስከ 700 ግራም ነው። 32ቱ 500 ግራም አካባቢ። ለእናቴ የምገዛ ቢሆን፣ ወይም ብዙ በእግር ለሚጓዝ ሰው፣ 8×32 እመርጥ ነበር።

አሁን ወደ መስታወቱ። እዚህ ላይ ነው ርካሹና መካከለኛው የሚለያየው።

ብርሃን ምንም ያልተቀባ መስታወት ሲመታ ከያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ባይኖኩላር ውስጥ ደግሞ መስታወቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የፊት ሌንስ አለ፣ ፕሪዝም የሚባል ብርሃኑን የሚያጥፍ መስታወት አለ፣ የዓይን ሌንሶች አሉ። አሥር ገጽ ብታስቡ ሲሶው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የቀረውም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል። ይህን ለማስቀረት ሌንሱ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን የመቀባቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1935 ያመጣው ዛይስ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ዛሬ ደህና ባይኖኩላር ሲገለጽ ሁሉም ገጽ ብዙ ጊዜ የተቀባ መሆኑ ይጻፋል። «ተቀብቷል» ብቻ ከተባለ አንዱ ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ይህን በዓይናችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ሻጩ ይቆጣ፣ ግድ የለም። የፊቱን ሌንስ አጋድሉና መብራቱ ሲንጸባረቅበት እዩ። ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ ፍጹም ነጭ ከሆነ አልተቀባም። ሌንሱ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ደማቅ ቀይ ከሆነ አስቀምጡትና ውጡ። ያ ቀይ ሽፋን ለማማር የተደረገ ነው፤ ቀዩን ብርሃን ይመልስና ዓለሙን ሁሉ አረንጓዴ ያደርግባችኋል። ገዢው የሚወደው ደግሞ እሱኑ ነው፤ የጦር ሜዳ ዕቃ ይመስላላ!

ቀጥሎ ወደ በሩ ዙሩ። ባይኖኩላሩን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ከፊታችሁ አርቁትና የዓይን ሌንሶቹን ወደ ውጪው ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሁለት ትናንሽ የብርሃን ክቦች ይታያሉ። ቅድም ያሰላናቸው ክቦች እነዚህ ናቸው። ሙሉ ክብ ከሆኑና ጠርዛቸው ጥርት ካለ ፕሪዝሙ ደህና ነው። ጠርዛቸው ግራጫ ጥላ ኖሮት አራት ማዕዘን ከመሰሉ ፕሪዝሙ ርካሽ መስታወት ነው፤ ብርሃኑን እየቆረጠ ነው።

ከዚያ በሩ ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ ነገር ፈልጉ። የቤት ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ፣ የመስጊድ ሚናሬት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፤ ከጀርባው ሰማይ ያለው ነገር ይሁን። ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ይታያል? ትንሽ ካለ በዚህ ዋጋ ይታለፋል። ቀስተ ደመና ከሆነ አይታለፍም። አሁን እያያችሁ ባይኖኩላሩን ቀስ እያላችሁ ከዓይናችሁ አርቁት። አንዱ ጉልላት ሁለት ከሆነ ሁለቱ ቱቦዎች አልተገጣጠሙም። ይህ ትልቁ በሽታ ነው። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ስታዩ አንጎላችሁ አስታርቆ አንድ ያደርገዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራስ ምታት ነው። «ባይኖኩላር ለዓይኔ አይስማማኝም» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። የሰውየው ዓይን ምንም አልሆነም።

የቅርጹ ነገርም አለ። አንዱ ዓይነት ትከሻው የሰፋ፣ የፊት ሌንሶቹ የተራራቁ፣ አያቶቻችን «የጦር መነጽር» የሚሉት ነው። ፖሮ ይባላል፤ ኢግናዚዮ ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ባስመዘገበው ፕሪዝም የተሰየመ ነው። ሌላው ቀጥ ያለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ዛሬ ገበያውን የያዘው። ቀጥ ያለው ያምራል፣ ለመያዝም ይመቻል። ውስጡ ያለው ፕሪዝም ግን ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምስሉ ጥርት እንዲል የፌዝ ሽፋን የሚባል ልዩ ቅብም ያስፈልገዋል። ያንን ዛይስ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ አሁን መካከለኛ ዋጋ ላይ ወርዷል፤ እጅግ ርካሹ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ገንዘባችሁ 100 ዶላር ብቻ ከሆነ ፖሮ ግዙ። ቅርጹ ያረጀ ይመስላል እንጂ በዚያ ዋጋ የተሻለ የሚያሳየው እሱ ነው። ኒኮን አኩለን 8×42 እዚህ ውስጥ የሚመደብ ነው። ድክመቱ ውሃ መግባቱ ነው፤ ለሐምሌ አይሆንም።

የድሮዎቹን የሶቪየት መነጽሮች የሚያቀርቡልኝም አሉ። 8×30 የሆኑት፣ ከባድ የቆዳ ቦርሳ ያላቸው። ብዙዎቹ ምስላቸው ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሯቸው ነው። መስታወታቸው ንጹሕ ከሆነና ከላይ ያለውን የጉልላት ፈተና ካለፉ በጥቂት ገንዘብ ግሩም ዕቃ ናቸው። አስተውሉ፤ ውስጣቸው ሻጋታ እንዳለ በባትሪ መብራት አጋድላችሁ እዩ። ሻጋታው የሸረሪት ድር ይመስላል። ካለ ተዉት፤ የሚጠርግ ባለሙያ ማግኘት ዋጋው ከመነጽሩ ይበልጣል። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆናችሁ ደግሞ እነዚህ አይሆኑም። ዓይናችሁ ከሌንሱ በጣም መጠጋት አለበትና መሃሉ ብቻ ነው የሚታያችሁ። የዓይን መነጽር ያለው ሰው ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ሙሉ ምስል የሚያሳየውን ይፈልግ። አሁን ያሉት ጥሩዎቹ 17 እና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ፤ የጎማ ክዳናቸውም ይጠመዘዝና ይወርዳል።

ስም ጥራ ካላችሁኝ፣ በ150 ዶላር አካባቢ ሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ 8×42 አለ። ለጀማሪ ይበቃል፤ ዝናብም አይገባውም። ትንሽ ከፍ ስትሉ ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ አለ፤ እይታው ሰፊ ነው፣ ቅርብ ያለውንም ደህና ያሳያል። ወደ 300 ሲጠጋ ኒኮን ሞናርክ ኤም5 አለ፤ እይታው ከቮርቴክሱ ጠበብ ይላል፣ ቀለሙ ግን የጸዳ ነው። ለመነጽር አድራጊም የተመቸ ነው። እኔ ብሆን ከሁለቱ ለደን ቮርቴክሱን፣ ለተራራ ኒኮኑን እላለሁ። ቮርቴክስ ዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ መልሶ ለመላክ የሚወጣውን ወጪ ስታስቡት ዋስትናው ለዲሲ ዘመዶቻችን ነው። ስዋሮቭስኪ፣ ላይካ፣ ዛይስ? ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጡት የእነሱ ምርጦች በእርግጥም የተሻሉ ናቸው። የአንድ ቱሪስት ስዋሮቭስኪ ይዤ አይቻለሁ። መልሼም ሰጥቻለሁ።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባይኖኩላር በቦሌ እንደ ጫማ ዝም ብሎ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ያለ ፈቃድ ይዘው የመጡ ተጓዦች ብዙ ጊዜ ተይዞባቸዋል። የወፍ ጉብኝት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ለእንግዶቻቸው ቀድመው ደብዳቤ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ለአክስታችሁ ልጅ «ሻንጣህ ውስጥ ጣል አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት በጊዜው ያለውን ደንብ ጠይቁ። ሰውየውን ለበዓል በመጣበት መጉላላት ውስጥ አታስገቡት።

አገር ቤት ሲይዙትም ዘዴ አለው። ገፈርሳ ግድብ ላይ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ለማየት ስትሄዱ የግድቡን ጥበቃ ሰላም ሳትሉ፣ ሳታስፈቅዱ አታንሱት። ካምፕ፣ ግድብ፣ ቤተ መንግሥት ባለበት አቅጣጫ አይነሳም፤ ወፏ ምንም ያህል ብርቅ ብትሆን። ገጠር ገብታችሁ ከተጠራጠሯችሁ ቶሎ አውልቃችሁ ለሽማግሌው ስጧቸው። ማዶ ያለውን የራሳቸውን በሬ አይተው ሲስቁ ጥርጣሬው ያበቃል። ምናልባት «ስንት ኪሎ ሜትር ያሳያል?» ይሏችሁ ይሆናል።

አያያዙ ቀላል ነው። ሌንሱን በጋቢ ጫፍ አትጥረጉ፤ በነጠላም፣ በሸሚዝም። በጋ ላይ የሚቀመጥበት አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፣ ሽፋኑን ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ በሉት ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ ከዚያ ለሌንስ በተሠራ ጨርቅ። አብሮት የሚመጣውን ቀጭን ማንገቻ ጣሉት። በጀርባ በኩል የሚጠላለፈውን፣ ክብደቱን ትከሻ ላይ የሚያሳርፈውን ግዙ። ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ይህ ነው።

የመጨረሻው ማስተካከያው ነው። ይህን ሳያደርጉ ዓመት የያዙ ሰዎች አውቃለሁ። የሁለቱ ዓይኖቻችን አቅም እኩል አይደለም። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በግራ ብቻ እያያችሁ መሃል ያለውን ማስተካከያ አዙሩ፤ አንድ ጽሑፍ ጥርት እስኪል ድረስ፣ ታርጋ ሊሆን ይችላል። አሁን ግራውን ጨፍኑ። መሃሉን ሳትነኩ ቀኙ ዓይን ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፣ ያው ታርጋ እስኪጠራ። አለቀ፤ ከዚህ በኋላ የሚዞረው መሃሉ ብቻ ነው።

ችግሩ ባይኖኩላር መዋስ የማይወድ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ቀለበቱ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ወፏ ከፊታችሁ ቆማ እናንተ ጭጋግ ታያላችሁ። የእኔው ላይ ትክክለኛው ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ቀለሙ የእህቴ ነው፤ ደማቅ ቀይ።